«ፕሮምፕት» ስንት ቀን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ገላን በሚገኝ አንድ የቡና ማበጠሪያ ውስጥ በጸሐፊነት እሠራለሁ። ሰሞኑን ከውጭ ገዢ የመጣ ውል እጄ ገባ። ስለ ጭነቱ የሚናገረው ቦታ ላይ «ፕሮምፕት» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት ያለችው፤ ቀን የለም። ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ብከፍተው «ፈጣን፣ ሳይዘገይ የሚደረግ» አለኝ። ቡናው ደግሞ ገና ማሽን ላይ አልወጣም። ደንግጬ ወደ አለቃዬ ብሮጥ፣ ሻዩን እየጠጣ «አይዞሽ፣ ገና ጊዜ አለን» አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?

ከገላን

መልስ፦ እንደምን ሰነበትሽ፣ እህቴ። ሻዩን ይጨርስ፤ አለቃሽ ልክ ነው። መዝገበ ቃላትሽም አልዋሸም። ቃሉ ሁለት ኑሮ ነው ያለው፤ አንዱ ሰው አፍ ላይ፣ ሌላው ነጋዴ ወረቀት ላይ።

መጀመሪያ ሥራሽን የሚነካውን ልንገርሽ። አውሮፓውያን ገዢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መደበኛ የቡና ውል አለ። በዚያ ውል «ኢሚዲየት» (በተራው እንግሊዝኛ «ወዲያውኑ» ማለት ነው) የተባለ ጭነት ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መጫን አለበት። «ፕሮምፕት» የተባለው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ። የሥራ ቀን ብቻ እንዳይመስልሽ። ቅዳሜም፣ እሑድም፣ በዓልም ይቆጠራል።

መጫን ሲባል ደግሞ ከገላን ግቢ መውጣት አይደለም። መርከብ ላይ መጫን ነው። ክርክር ሲመጣ የሚታየው የመርከቡ የጭነት ሰነድ ላይ ያለው ቀን ነው። ስለዚህ አለቃሽ «ጊዜ አለን» ማለቱ እውነት ነው፤ እስቲ ግን ጊዜውን እንመንዝረው። ቡናው ይበጠራል። ሴቶቹ ተቀምጠው ጥቁሩንና ስባሪውን ይለቅማሉ። ናሙና ይወጣል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃው ይጻፋል። ጆንያው ላይ ምልክቱ ይታተማል። ከዚያ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ይደረደራል። 19.2 ቶን ማለት ነው። ከዚያ ጅቡቲ። ከእንዶዴ በባቡርም ይሂድ፣ በከባድ መኪናም ይሂድ፣ ወደብ የደረሰ መርከብ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ሰነድ ጎድሎ ሦስት ቀን ቢበላ ሠላሳው ሃያ ሰባት ሆነ። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ይህንን አስታውሺው። ውሉ የተደረገበትን ቀን ደግሞ አሁኑኑ ካላንደሩ ላይ አክብቢበት።

ውላችሁ ውስጥ ሌላ ቀን ወይም ሌላ ደንብ ተጽፎ ከሆነ ግን የሚገዛችሁ እሱ ነው። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢው። ትንንሽ ፊደል የሚበዛው እዚያ ነው።

እኔ ከዚህ ቃል ጋር የተዋወቅኩት ቴሌክስ ላይ ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የቴሌክስ ጸሐፊ ነበርኩ። ለማታውቁት ልጆች፦ ቴሌክስ ስልክ በመሰለ በራሱ መስመር ጽሑፍ የሚልክ ትልቅ ማሽን ነው፤ ሲመታ ክፍሉ ይንቀጠቀጣል። መልእክቱን በቀጥታ አንልክም። መጀመሪያ ጠባብ የወረቀት ጥብጣብ ላይ እንመታዋለን። እያንዳንዱ ፊደል በጥብጣቡ ስፋት እስከ አምስት ቀዳዳ ይሆናል። መስመሩ ሲገኝ ጥብጣቡን እንለቀዋለን፤ ማሽኑ ራሱ እያነበበ ይልከዋል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሒሳቡ በደቂቃ ነዋ! እጅሽ በተንቀራፈፈ ቁጥር የአለቃ ፊት ይጠቁራል።

ስለዚህ ቃል ይቆረጣል። «እባክዎ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ፒ ኤል ኤስ»። «ከሰላምታ ጋር» አራት ፊደል። የሀምቡርግ ገዢ ማታ ልኮልን ያደረውን ጠዋት ስገባ ወረቀቱ እስከ ወለሉ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ሁሉም በትልቁ ፊደል፣ ሁሉም አጭር። «ቡናው ከውሉ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይጫን» ብሎ ሐተታ የለም። «ፕሮምፕት» ተብሎ ያልቃል። አንድ ቃል፣ ሠላሳ ቀን። ሁለቱም ወገን ያውቀዋል።

የቡና ነጋዴ እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ አለው። ገዢው አገር መጋዘን የገባ ቡና «ስፖት» ነው። ባሕር ላይ ያለ «አፍሎት» ነው። ቀጥሎ «ኢሚዲየት»፣ ቀጥሎ «ፕሮምፕት»፣ ከዚያ ወዲያ በወር ስም ነው፤ የጥር ጭነት፣ የየካቲት ጭነት። «ኢሚዲየት»ን ሳስበው እስቃለሁ። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ «መካከል ላይ ምንም የሌለበት» ማለት ነው። መካከሉ ላይ ግን አሥራ አምስት ቀን ተቀምጦበታል።

ለንደን ሄደሽ ደግሞ ከዚህ የባሰ ታገኛለሽ። የለንደን የብረታ ብረት ገበያ የተቋቋመው በ1877 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። በዚያ ዘመን ከቺሊ የተነሳ መዳብ እንግሊዝ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበት ነበር። ነጋዴዎቹም የሦስት ወር ውል ለመዱ። ዕቃው የሚረከብበት ያ ቀን እስከ ዛሬ «ፕሮምፕት ዴት» ነው የሚባለው። ሦስት ወር ቆይቶ ለሚመጣ ቀን እንዲህ ያለ ስም! እዚህ ቅርባችን ሞምባሳም በሻይ ጨረታ ላይ ገዢው ሒሳቡን የሚዘጋበት ቀን በዚሁ ስም ይጠራል።

ይህ ሁሉ የሆነው ቃሉ ሲወለድ ፍጥነት ስላልነበረ ነው። ላቲን ውስጥ «ፕሮሜሬ» የሚል ግስ አለ። ከተቀመጠበት ማውጣት ማለት ነው። በጥንት ሮማውያን ትልልቅ ቤቶች «ፕሮሙስ» የሚባል ሰው ነበር፤ የጓዳው ኃላፊ። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ወይኑንም ስንቁንም እያወጣ የሚሰጠው እሱ ነው። የሚያስገባው ደግሞ ሌላ ስም ነበረው፣ «ኮንዱስ»። እናንተ ግቢ ገቢና ወጪ እንደምትሉት መሆኑ ነው። «ፕሮምፕቱስ» እንግዲህ የወጣ፣ እጅ ላይ ያለ፣ የተሰናዳ ነገር ነው። ቡናሽ ተለቅሞ፣ ጆንያው ተሰፍቶ፣ በሩ አጠገብ ሲደረደር ያኔ በሮማውያኑ አፍ «ፕሮምፕት» ሆነ። ፍጥነቱ በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። የተሰናዳ ነገር ቶሎ ይሄዳላ።

እንግሊዞችም ቃሉን በ15ኛው መቶ ዘመን ሲይዙት ዝግጁ ለሚለው ነው የያዙት። ሼክስፒር ስለ አንቶኒና ክሊዮፓትራ በጻፈው ቴአትር ንግሥቲቱ ለቄሳር መልእክተኛ ዘውዴን እግሩ ሥር ለማኖር «ፕሮምፕት» ነኝ ትለዋለች። ዝግጁ ነኝ ማለቷ እንጂ ቸኩያለሁ ማለቷ አይደለም። አልቸኮለችምም። መጨረሻ ላይ ዘውዷን ደፍታ ነው የሞተችው።

ይህንን ካልኩ አይቀር፣ «ፕሮምፕት» ከዘመዶቹ ሁሉ ዕድለኛ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «አሁኑኑ» ይሉ የነበሩ ቃላት አንድ በአንድ ተንሸራተው «ቆየት ብሎ» ሆነዋል። «ሱን» የሚለውን ታውቂዋለሽ፤ በቅርቡ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሶና» ነበር፣ ትርጉሙም እዚያው በዚያው። «ፕረዘንትሊ»ም እንዲሁ። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታችን በለሲቱን ሲረግማት «ፕረዘንትሊ» ደረቀች ይላል። ወዲያው ማለት ነው። የዛሬ እንግሊዛዊ ያንኑ ቃል ሲልሽ ግን ትንሽ ቆይቶ ማለቱ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ «በአሁኑ ጊዜ» ለማለት ያውሉታል። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ተከፈለ።

እኔን የሚገርመኝ «ባይ ኤንድ ባይ» ነው። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ፣ የሄሮድያዳ ልጅ ንጉሡን በዘፈኗ ደስ ካሰኘች በኋላ የቅዱስ ዮሐንስን ራስ በወጭት «ባይ ኤንድ ባይ» ስጠኝ ትለዋለች። አሁን፣ በዚህች ሰዓት ማለቷ ነው። ቀጠሮ ልትሰጥ አልመጣችም። ዛሬ ግን «ባይ ኤንድ ባይ» ማለት ውሎ አድሮ ነው። ያንን ገጽ የሚያነብ የዛሬ እንግሊዛዊ ልጅቷ ጊዜ የሰጠች ሊመስለው ይችላል።

«አኖን» የሚባልም ነበር። አሁን ከድሮ ቴአትርና ከቀልድ ውጭ የለም። በ1598 በታተመው የሼክስፒር ሄንሪ አራተኛ፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ፣ ፍራንሲስ የሚባል የመጠጥ ቤት አሳላፊ ልጅ አለ። ልዑሉና ጓደኛው ሊያሾፉበት ተማክረዋል። ልዑሉ እዚህ ክፍል ይዞ ያስወራዋል። ጓደኛው ከወዲያኛው ክፍል «ፍራንሲስ!» እያለ ይጣራል። ልጁ «አኖን፣ አኖን ጌታዬ!» ይላል፤ አይሄድም። እንደገና ይጠራል። «አኖን!» ይላል፤ አሁንም አይሄድም። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ላይ ሲጠሩት መሐል ቆሞ ይቀራል። ቃሉ በጥንት ጊዜ «በአንዴ» ማለት ነበር። ፍራንሲስ አፍ ላይ ሲደርስ «ሰምቻለሁ፣ ታገሱኝ» ሆኗል።

ፍራንሲስን እኔ ቱሉ ዲምቱ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ፉል የምበላበት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀጭን ነው፣ በአንድ እጁ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይይዛል። ሲጠሩት ዞር ብሎ ሳያይ «መጣሁ እናቴ!» ይላል። መጣሁ! ያለፈ ጊዜ እኮ ነው። በሰዋስው ከሄድን ልጁ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ማድቤት እየገባ ነው። ስልክ ላይም ያው ነው። «የት ደረስክ?» «ደረስኩ፣ ደረስኩ፣ ቃሊቲን አልፌያለሁ» ይልሻል። ከጀርባው የቤቱ ቴሌቪዥን ይሰማል።

ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም። ደንበኛን «ሩብ ሰዓት ጠብቂ» ማለት ይከብዳል፤ «መጣሁ» ማለት ይቀላል። ሰሚው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ቃሉ ሲደክም ሌላ ጠንካራ ቃል ይፈለጋል። «አሁን» ሲደክም «አሁኑኑ» መጣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም አለ። እሱ ሲለመድ «በጣም አስቸኳይ» ተቀረጸ። እኔ በዓይኔ «እጅግ በጣም አስቸኳይ» የሚል ፋይል አይቻለሁ፤ አቧራ ለብሶ።

«ፕሮምፕት» ነጋዴ እጅ ላይ ያልደከመው ቁጥር ስለታሰረበት ነው። 30 ብለው ቸነከሩት። ከዚያ ወዲያ ሰው ቢያዝንም ቢለምንም ፈቅ አይልም። «ኤ ኤስ ኤ ፒ» የሚለውን ደግሞ ተጠንቀቂው። እሱ በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት የወጣ ምሕፃረ ቃል ነው፤ «በተቻለ ፍጥነት» ማለት። የተቻለው ለማን? አይልም። የናንተ ማበጠሪያ ማሽን የሚችለው ሌላ፣ ገዢው የሚመኘው ሌላ። ውል ላይ ካየሽው አለቃሽን ጠርተሽ ቀን አስጽፊበት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እኛ «ፕሮምፕት» የምንለው ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚጻፈውን ትእዛዝ ነው። አባቴ ግን «ፕሮምፕት ማለት ቀልጣፋ ማለት ነው፣ እናንተ ቋንቋውን አበላሻችሁት» ይለኛል። ተወራርደናል። የተሸነፈው ለአንድ ሳምንት ውሃ ያወጣል። ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ቃሉ አንድ ነው። አባትህም ልክ ናቸው፣ አንተም ልክ ነህ። «አበላሻችሁት» ስላሉት ግን አንድ ጀሪካን ያውጡ።

እንዲያውም በዕድሜ ካየነው ያንተ ወገን ይበልጣል። እንግሊዝኛ ውስጥ ቀድሞ የታየው ግሱ ነው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን። ቀልጣፋ የሚለው ቅጽል ቀጥሎ መጣ። ግሱ መቀስቀስ፣ መገፋፋት ማለት ነው። ለገላኗ እህታችን የነገርኳትን የጓዳ ኃላፊ አስታውስ። እሱ ከጓዳ ዕቃ ያወጣል፤ ይህ ግስ ከሰው ውስጥ ቃል ወይም ሥራ ያወጣል።

ከዚያ ቃሉ ቴአትር ቤት ገባ። ተዋናይ ሲረሳ ከመድረኩ ጎን ተደብቆ ቃሉን የሚያቀብለው ሰው አለ፤ «ፕሮምፕተር» ይሉታል። ሼክስፒር ጊዜ የታወቀ ሥራ ነበር። የእሱው ቴአትር ባለታሪክ ኦቴሎ ሰይፍ ተመዞበት እንኳን ሳይደናገጥ፣ መዋጋት ተራዬ ቢሆን ኖሮ ያለ «ፕሮምፕተር» አውቀው ነበር ይላል። የእንግሊዝ ቴአትር ሰዎች ዛሬም ፊታቸውን ወደ ተመልካች ሲያዞሩ በግራቸው ያለውን የመድረክ ወገን «የፕሮምፕት ጎን» ነው የሚሉት። ጥሩ አስታዋሽ ሙሉ አንቀጽ አያነብም። ሁለት ሦስት ቃል ያቀብላል፤ ቀሪውን ተዋናዩ ያውቀዋል።

እኛ ቢሮ ኮምፒውተር ሲገባ ቴሌክሴ ጥግ ያዘ። አዲሱ እንግዳ ጥቁር ስክሪን ነበር። ላዩ ላይ «ሲ» የምትል ፊደል፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀስት የመሰለች ምልክት፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ። ሌላ ምንም የለም። ሥዕል የለ፣ ማውስ የለ። ያቺ ምልክት ስሟ «ፕሮምፕት» ነበር። «ተሰናድቻለሁ፣ በይ ተናገሪ» ማለቷ ነው። እዚያ ላይ አስታዋሹ ማሽኑ ነበር። ቃሉ የጠፋባት ተዋናይ እኔ ነበርኩ፤ እውነትም ይጠፋኝ ነበር። የትእዛዞቹን ዝርዝር በካርቶን ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጥፌ ነው የሠራሁት።

አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ «ፕሮምፕት» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሰው ለማሽን የሚጽፈውን ነው። አስታዋሹ አንተ ሆንክ፣ ተዋናዩ ማሽኑ። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቴአትሩ ተዋናይ ድርሰቱን አጥንቶ ነው የሚወጣው። ይሄኛው አንድ መስመር ብታቀብለው፣ ያላጠናውንም ቢሆን ሙሉ ቴአትር ፈጥሮ ፊቱ ሳይቀላ ይጫወትልሃል። የታሪክ የቤት ሥራህን ካሠራኸው ዓመተ ምሕረቶቹን አንድ በአንድ አጣራ።

ለአባትህም አንድ ነገር ልስጣቸው፤ ባዶ እጃቸውን አይቅሩ። «ፕሮምፕትሊ» የሚለውን ተውሳከ ግስ እንግሊዞች ለሹፈትም ያውሉታል። «ልጁ ሊያጠና ተቀመጠና ፕሮምፕትሊ እንቅልፍ ወሰደው» ይላሉ። ያው እኛ «ከመቀመጡ እንቅልፍ ይዞት ሄደ» እንደምንለው ነው። ውሃውን ተካፍላችሁ አውጡ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ለገጣፎ ነው ቤቴ። በጥር ልጄን ልድር ነው። የጥሪ ካርዱ ላይ በአማርኛ በኩል «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብለናል። በእንግሊዝኛው በኩል አንዱ ልጄ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ፕሮምፕት» ይግባ ይላል። ሌላው «ሻርፕ» ይላል። እህታቸው «ፓንክቿል» ትላለች። እኔ መሐል ቤት ተቸገርኩ። የቱ ይሻላል?

ከለገጣፎ

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃዎት። 

«ፓንክቿል»ን ያውጡት። ለሰው ይባላል እንጂ ለሰዓት አይባልም። ልጅዎ እንዳይከፋት ግን ታሪኩን ይንገሯት። ሥሩ የላቲኑ «ፑንክቱም» ነው፤ በሹል ነገር የተወጋ ቦታ፣ ነጥብ። እንግሊዞች ሥርዓተ ነጥብን «ፓንክቹዌሽን» የሚሉት ከዚያው ነው። ጎሚስታው የሚለጥፈው ቀዳዳም «ፓንክቸር» ነው። በ1667 በታተመው የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የሚልተን ግጥም ውስጥ አዳም ሰማያቱን አይቶ ምድርን «ፓንክቿል» ስፍራ ይላታል። ነጥብ የምታህል ማለቱ ነው፤ ምድር ቀጠሮ ታከብራለች ማለቱ አይደለም። በዚያው መቶ ዘመን ቃሉ ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ለሚጠነቀቅ ሰው ይባል ጀመር፤ በኋላ ቀጠሮ ለሚያከብር ሰው ብቻ ቀረ።

«ሻርፕ» ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል። ለፈተናና ለስብሰባ ይሁን። «ፕሮምፕት» ከሰዓት ቀጥሎ ሲገባ እንግሊዞች ዘንድ «ልክ በሰዓቱ» ማለት ነው፤ ለዘብ ይላል። የግድ አንዱ ይግባ ከተባለ እሱን ያስገቡ። እኔን ከጠየቁኝ ግን ሦስቱም ይቅሩ። ከቦሌ ተነስቶ በአያት በኩል የሚመጣ እንግዳ መንገዱ እንዳደረገው ነው የሚደርሰው። በሰዓቱ የደረሰውም ቢሆን ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ሄደው ያገኛል።

ይልቅ ቁጥሩ ነው የሚያሳስበኝ። አማርኛው 6 ሲል እንግሊዝኛው 12 ማለት አለበት። ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ የሁለቱን ገጽ ቁጥር አንድ ያደርገዋል፤ ያኔ የውጭ እንግዶችዎ ማታ ይመጣሉ። ከ12 ቀጥሎ «ኤ ኤም» ከገባ ደግሞ እኩለ ሌሊት ሆነ። «ፒ ኤም»ም ብዙ ሰው ያምታታል። «ኑን» የሚለው ቃል ይግባበት፣ ቀትር ማለት ነው። ናሙናውን ሲያሳዩዎት ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ፤ ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ይክፈሉ።